ከባታን ድልድይ ማዶ

ሰዓት ሠሪ ቤት ብቻ የሚገኝ ሽታ አለ። ቀጭን ዘይት፣ ትንሽ ቤንዚን፣ የነሐስ ብናኝ። ከጋራዥ ዘይት ሽታ ጋር አይገናኝም፤ ስስና ንጹሕ ነው፤ ቆም ብለው ካልጠበቁት አይመጣም። ፒያሳ በነበሩት ጠባብ ሰዓት ቤቶች ደጃፍ ሳልፍ ሁልጊዜ እርምጃዬን እቀንስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዓት ሠሪዎቹ ጠረጴዛቸውን ይዘው በየአቅጣጫው ሄዱ፤ እኔም ሽታውን አጣሁት። ባለፈው ሰሞን ግን የአባቴን ሰዓት ላሠራ መገናኛ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ገባሁ። ሠሪው የሰዓቱን ጀርባ ሲከፍተው ሽታው መጣ። ከዚያ በኋላ ሰውየው የነገረኝን ዋጋ እንኳ በቅጡ አልሰማሁም። ሐሳቤ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቤዛንሶን ከተማ፣ የአንዲት አሮጊት መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ስድስት ኪሎ የፈረንሳይኛ ተማሪ ሳለሁ ነው የሄድኩት፤ በጥር 1994 ዓ.ም.። ውሉ ቀላል ነበር፤ እስከ ቀትር በከተማዋ የቋንቋ ማእከል መማር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ሁሉ ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር መኖር። ማእከሉ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጣውን ሰው ሲያስተምር የኖረ ነው፤ መምህሮቻችንም ጎበዞች ነበሩ። ከክፍሉ ግን ዛሬ የቀረልኝ የማርከር ሽታና መስኮቱ ላይ የሚቀልጠው በረዶ ብቻ ነው። የተማርኩትን የተማርኩት ቤት ውስጥ ነው።

ቤዛንሶንን ዱ የሚባለው ወንዝ ይዞራትና ቀለበቱን ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ትቷት ይሄዳል። ወንዙ ያልዘጋውን አንገት ትልቅ ቋጥኝ ዘግቶታል፤ ቋጥኙ ላይ በሉዊ 14ኛ ዘመን ቮባን የተባለው መሐንዲስ ያሠራው ምሽግ ተቀምጧል። ቤቶቹ ሻዩ ከሚባለው ጫካ በወጣ ድንጋይ የታነጹ ናቸው። አንዱ ድንጋይ ራሱ ግማሹ ሰማያዊ ግራጫ፣ ግማሹ ቢጫማ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ሁለቱም ቀለም ይጎላል። ባታን ከድልድዩ ማዶ ያለ ሰፈር ነው፤ ድሮ የወይን ገበሬ የኖረበት፣ ኋላ ሠራተኛውና ስደተኛው የገባበት። ከመንገዱ በጠባብ በር ሲዘለቅ ግቢ አለ፤ ከግቢው ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። የተቀበለኝ ቤተሰብ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ከሥራችን፣ ሁለተኛው ላይ፣ የቤቱ እመቤት እናት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ማታ ማታ ኮቴያቸው ደረጃው ላይ ሲሰማ የእመቤቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሮጣ በሩን ትከፍታለች፤ እራት ይቀርባል።

እራት እንደ እነርሱ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ እንደ እኛ አንድ ተኩል። መጀመሪያ ሾርባ፣ ከዚያ ዋናው ምግብ፣ ከዚያ ሰላጣ፣ ከዚያ አይብ፤ አንዱ ሳይነሣ ሌላው አይመጣም። ዳቦ ሳህን የለውም፣ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ሁሉም በየሳህኑ ቢበላም መጨረሻ ላይ የቀረውን መረቅ በዳቦ ቁራሽ ጠርጎ ሲያነሣ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ እጅ ከምግብ ጋር ሲገናኝ ማየት ናፍቆኝ ኖሯል። አባወራው ስለ ኮምቴ አይብ ሲጀምሩ ማንም አያቋርጣቸውም። አንዱ ክብ 40 ኪሎ ያህል እንደሚመዝን፣ ለእሱም ወደ 400 ሊትር ወተት እንደሚፈስ፣ ላሞቹ በበጋ ለምለም ሣር ሲግጡ የሚሠራው ከክረምቱ ይልቅ ቢጫ እንደሚሆን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። እኔ ያደግኩበት አይብ ከጎመን አጠገብ የሚቀርበው ነጩና ለስላሳው ነው። ዓመት የከረመ ኮምቴ ስቀምስ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ለውዝ፣ በመጨረሻ የነጠረ ቅቤ የሚመስል ጣዕም አፌ ውስጥ ይቀር ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ ጣዕም ቤቴን ታስታውሰኝ ስለነበር ቁራሿን ቶሎ አልውጣትም።

በጠረጴዛው ዙሪያ ግን ዝም ብዬ ነበር የምቀመጠው። የቤቱ ሰው ፈጥኖ ይናገራል፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ነጥቆ ይጨርሳል፤ እኔ ዓረፍተ ነገሬን አዘጋጅቼ ቀና ስል ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። አሮጊቷ ብቻ እንደዚያ አልነበሩም። የሥራ ዘመናቸውን ሊፕ በተባለው የሰዓት ፋብሪካ፣ ከሽፋሽፍት የቀጠነ የብረት ጥምዝ በወረንጦ ይዘው ያሳለፉ ሴት ናቸው። ንግግራቸውም የእጃቸው ሥራ ነበረበት፤ አንዱን ቃል በቦታው ሳያስቀምጡ ሌላውን አያነሡም። ትምህርት ቤት የለቀቁት በ14 ዓመታቸው ቢሆንም የተማሩትን ሰዋስው አንዱንም አልጣሉትም። መጀመሪያ ማዳም እላቸው ነበር። በኋላ እንደ ልጅቷ ሜሜ በለኝ አሉኝ፣ አልኳቸው። አንቺ በለኝ ሲሉኝ ግን አልቻልኩም። የእናቴን እናት የሚያህሉ ሴት ፊት አፌ እምቢ አለ፤ እስከ መጨረሻው እርስዎ እንዳልኳቸው ኖርን፣ እሳቸውም ምክንያቱን ከነገርኳቸው በኋላ ወደዱት።

በዚያን ጊዜ ሕፃናቱ ረቡዕ ትምህርት አልነበራቸውም። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ወደ አያቷ ትወርዳለች፤ እኔም ከክፍል ተመልሼ እከተላታለሁ። ሽታውን ያወቅሁት እዚያ ነው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም የጎረቤቱን ሰዓት ሁሉ የሚያክሙት እሳቸው ነበሩ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ወረንጦዎች፣ ጥቃቅን ካቻቢቴዎች፣ ከዓይን ላይ የምትገጠም ማጉያ፣ ዘይት የያዘች ትንሽ ብልቃጥ ነበሩ። መሳቢያውን ከፍተው መነጽራቸውን ያወጣሉ፤ ከመነጽሩ ጋር ሽታው ይወጣል። ከዚያ ዲክቴ ይጀመራል። ሃያ አንድ ዓመት የሞላኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ጎን ተቀምጬ ሜሜ ያነበቡትን እጽፋለሁ። አንዱን ሐረግ ሁለት ጊዜ ያነቡታል፤ በነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ነጥብ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። የቋንቋውን ትንፋሽ የት እንደሚወስድ ያወቅሁት ከዚያች ጣት ነው። ልጅቷ ደብተሬን ስታርምልኝ ኮስተር ትላለች፤ ያ ኮስታራነቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

የሄድኩበት ክረምት ፍራንክ የሚሞትበት ክረምት ነበር። ዩሮ ጥር 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. በሰው እጅ ገባ፤ ፍራንክ የካቲት 17 ቀን ከገበያ ወጣ። አንድ ዩሮ ስድስት ፍራንክ ከ56 ሳንቲም ገደማ ነው። ሜሜ ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ መቶ አሮጌ ፍራንክን አንድ አዲስ ፍራንክ ስታደርግ እሳቸው ጎልማሳ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም በልባቸው የሚቆጥሩት በአሮጌው ነው። ከዳቦ ቤት ስንመለስ አሥር ዩሮ ይዘው ቆም ይሉና በመጀመሪያ 65 ፍራንክ ከ60 ያደርጉታል፣ ቀጥለው 6,560 አሮጌ ፍራንክ ያደርጉታል፤ ከዚያ ብቻ ውድ ነው ወይም ደህና ነው ይላሉ። በዕድሜያቸው ሦስት ገንዘብ አልፎባቸዋል። እኔ ደግሞ በሁለት የዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አጠገባቸው ቆሜ ስቆጥር እንግዳነት አልተሰማኝም።

ሁዳዴ ገባ። የእነርሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 31 በእነርሱ ቀን ዋለ፤ ለእኛ የመጻጉዕ እሑድ ነበር። የበግ ሥጋ ተጠብሶ ሲቀርብ እኔ ምስርና ድንች ይዤ ተቀመጥኩ። አባወራው በአክብሮት ጠየቁኝ፤ ክርስቲያን ከሆንክ ክርስቶስ ዛሬ ተነሥቷል፣ ለምን ትጾማለህ? ማስረዳት ነበረብኝ። ስለ ጨረቃና ስለ ፀሐይ አቆጣጠር፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ድሜጥሮስ፣ ከሥጋም ከወተትም ከእንቁላልም ስለምንታቀብባቸው 55 ቀናት። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ማንም አላቋረጠኝም። የመጀመሪያው ረጅም ንግግሬ ያ ነበር። ሳላዘጋጀው ነው የመጣው፤ የማውቀውንና እነርሱ የማያውቁትን ነገር ይዤ ስለነበር ቃሉ ራሱ ተከትሎኝ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜሜ ለእኔ ብቻ የሚሆን የምስር ወጥ ከነካሮቱ በትንሽ ድስት ይዘው ይወጡ ነበር፤ ቅቤ እንደሌለበት በየቀኑ ያረጋግጡልኛል።

ሚያዝያ 21 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. እሑድ ነበር፤ በእኛ ኒቆዲሞስ። የፕሬዚዳንት ምርጫው የመጀመሪያ ዙር ውጤት በእነርሱ ሰዓት ከምሽቱ ስምንት ላይ በቴሌቪዥን ይነገራል። ሁሉም የጠበቁት ዣክ ሺራክና ሊዮኔል ዦስፓን ለሁለተኛው ዙር እንዲያልፉ ነው። ስምንት ሲሞላ ሁለት ፊቶች ወጡ፤ አንዱ ሺራክ ነበሩ፣ ሌላው ግን ስደተኛን በመቃወም የሚታወቁት ዣን ማሪ ለ ፔን። ወደ 17 በመቶ አግኝተው ዦስፓንን ጥለዋቸዋል። የቤቱ እመቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባወራው ተነሥተው መስኮት ከፈቱ፣ ዘጉት። ልጅቷ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች፤ የመለሰላት የለም። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ እኔ ማየት ጀመሩ፤ ማየታቸውን ሲያውቁ ደግሞ ዓይናቸውን ሰበሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድም ቀን በዚያ ቤት ይህን አስቤው አላውቅም፤ ያን ማታ አሰብኩት። ሜሜ ናቸው የተናገሩት፣ በለመዱት እርጋታ፤ ነገ ከክፍል ስትወጣ ወደ ምሽጉ እንሄዳለን፣ የማሳይህ ነገር አለ።

ምሽጉ ላይ ንፋሱ ብርቱ ነበር። ሜሜ ክንዴን ይዘው በቀስታ ሄድን። ጀርመኖች ከተማዋን በያዙበት ዘመን የፈረንሳይ አርበኞች የተረሸኑበት ቦታ ላይ የእንጨት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ አጠገቡ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የተቃውሞውና የግዞቱ ቤተ መዘክር አለ። እዚያ ከተረሸኑት አንዱ ኦንሪ ፌርቴ ነው፤ የሊሴ ተማሪ፣ መስከረም 26 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ሲረሸን 16 ዓመቱ ነበር። ሜሜ በዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያን ቀን ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከተማው ውስጥ ማንም ቀና ብሎ ምሽጉን እንዳላየ፣ ሁሉም ግን ምሽጉን እያሰበ እንደሄደ ነገሩኝ። ትናንት ማታ ያየኸው ሰውዬ የሚናገረውን ነገር እኔ ዱሮ ሰምቼዋለሁ፣ አሉኝ፤ በሌላ አንደበት ሰምቼዋለሁ፣ መጨረሻው እዚህ ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ስድስት ኪሎ ከዩኒቨርሲቲያችን በር ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። ለዓመታት ወደ ፈረንሳይኛ ክፍሌ የሄድኩት በሥሩ እያለፍኩ ነው። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የወረደውን ነገርኳቸው፤ የተቃጠሉትን ጎጆዎች፣ በአካፋና በዶማ የተገደለውን ሕዝብ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑትን መነኮሳት። አያቴ በዚያ ሳምንት ሕፃን ሆና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ከአራዳ በሌሊት የወጣች ናት፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ሜሜ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት በሲኒማ ዜና ያዩዋቸውን ንጉሥና በቴሌቪዥን ያዩትን ረሃብ ነበር። ይህን አልሰሙም። የአያቴን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ስሙን በትክክል እስኪሉት ድረስ ደጋግመው አሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈረንሳይኛ የምናገረው እንዲታረምልኝ ነበር። እዚያ ጉብታ ላይ ግን አያቴ እንድትታወቅልኝ ተናገርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ባዕድ ሆኖብኝ አያውቅም።

የእኛ ፋሲካ በእነርሱ ግንቦት 5 ዋለ፤ ሁለተኛው ዙር ምርጫም ያው ቀን ነበር። ቤዛንሶን ውስጥ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ክፍሌ ውስጥ ከእናቴ የተላከልኝን የመዝሙር ካሴት በዝግታ ከፍቼ ቆየሁ። ጠዋት ሁሉም ሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ሊመርጡ ወጡ፤ ሜሜ ባርኔጣ አድርገው ነበር። ምሳ ሲቀርብ ትልቁ ድስት መሐል ላይ ተቀመጠ። በአካባቢው ቢጫ ወይን የተሠራ፣ እንጉዳይ የገባበት ዶሮ ነው፤ የዚያ አገር የክብር ምግብ። ክዳኑ ሲነሣ መረቁ ውስጥ የተቀቀሉ እንቁላሎች ተኝተዋል። ለሰው ሁሉ አንድ አንድ። ስለ ዶሮ ወጥ አንድ ማታ ሳወራ እንቁላሉን ሜሜ ልብ ብለው ኖሯል። አባወራው ይህ በምግብ አሠራሩ የለም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሚስታቸው አዩዋቸው፣ ዝም አሉ። እኔም መጀመሪያ የበላሁት እንቁላሉን ነው። ማታ ሺራክ ከ82 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ሜሜ ይህንን ሰምተው ወደ ፎቃቸው ወረዱ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ፓሪስ በሄድኩበት ጊዜ ባቡር ይዤ ቤዛንሶን ደረስኩ። ሜሜ ሞተው ነበር፤ ያን በደብዳቤ አውቄዋለሁ። ባልና ሚስቱ ጡረታ ወጥተው ወደ ተራራማው ገጠር ተዛውረዋል። የማውቀው የባታን ድልድይም አልጠበቀኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ለጀመረው ትራም ሲባል አፍርሰው በአዲስ ሠርተውታል። በእግር እሻገርበት የነበረውን አሁን ሰው በትራም መስኮት ስልኩን እያየ ያልፈዋል። የግቢው በር ቁጥር የሚጫን መቆለፊያ ገብቶለታል፤ ቁጥሩን አላውቅም። እሑድ እሑድ ካርድ ከትቼ ወደ አዲስ አበባ የምደውልበት የስልክ ሳጥን ከጥግ ጠፍቷል። በዚያ ሳጥን ውስጥ ከእናቴ ጋር የማወራው ለጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ካርዱ ሲያልቅ ሌላ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ደረጃውን ወጥቼ እነርሱ ጋ እቀመጣለሁ። ዛሬ ለትምህርት የሚሄዱ ወንድሞቼና እህቶቼ እናታቸውን በየማታው በምስል ያዩዋታል። ደስ ይለኛል፤ ያ ናፍቆት ለማንም የሚመኙት አይደለም። ግን እኔን ወደዚያ ጠረጴዛ የገፋኝ እሱ ነበር። ግቢው በር ላይ ቆሜ የሜሜን መስኮት ፈለግኩ። አዲስ መጋረጃ ነበረው።

ኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ሻርል ፒያዤ በ95 ዓመታቸው አረፉ። የሊፕ ሠራተኞች ትግል መሪ ነበሩ። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ፤ ደብተሬን ታርምልኝ የነበረችው ልጅ ናት። አሁን ከሠላሳ ዓመት በላይ ናት፣ የልጆች እናት። ስለ ፒያዤ በራድዮ ሲወራ ሰምታ አያቷን አሰበች፤ አያቷ በሕይወት ሳሉ ግን እሷ ለመጠየቅ ዕድሜዋ አልደረሰም። እናቷ ስለዚያ ዘመን ብዙ አታውቅም። አንተ ከእሷ ጋር ከሰዓት በኋላ ሁሉ ትቀመጥ ነበር፣ ነግራሃለች? አለችኝ።

ነግረውኛል። ሰኔ 1973 እ.ኤ.አ. ላይ የሊፕ ሠራተኞች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሊባረሩ መሆኑን ከራሱ ከድርጅቱ ወረቀት አገኙ። በዚያው ሌሊት ከ20,000 በላይ ሰዓት ከፋብሪካው አውጥተው በየቦታው ደበቁ። ፋብሪካውን ይዘው ራሳቸው ሠሩ፣ ራሳቸው ሸጡ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ለራሳቸው ደመወዝ ከፈሉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ፖሊስ አስወጣቸው። ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ሜሜም አንዷ። አንድ ካርቶን ሙሉ ሰዓት ባታን ቤታቸው ምድር ቤት፣ የወይን ገበሬዎቹ ጎተራ በነበረው ጓዳ ውስጥ፣ ድንች ሥር ተቀብሮ ከረመ። ባላቸው እንኳ አላወቁም፤ ያን በጋ ድንቹን እሳቸው ብቻ ናቸው ከምድር ቤት የሚያወጡት። ካርቶኑ ሲመለስ አንድም ሰዓት አልጎደለም። ይህን ሲነግሩኝ መሳቢያውን ከፍተው ወረንጦውን እንደ ምስክር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ እንደ እሷ ነው የምትቆመው፣ አለችኝ። ከዚያ ድምፄን ቀድታ ለልጆቿ እንድታሰማ ፈቃድ ጠየቀችኝና እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። ድንቹ ጋ ስደርስ ግን አስቆመችኝ፤ ካርቶኑን ማን አመጣላት? አያትሽ እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም፣ አልኳት። ጠይቄያቸው ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፎ እንኳ፣ ያ የሌላ ሰው ምሥጢር ነው፣ የእኔ አይደለም ብለውኛል። ይህንንም ቀዳችው። ቀጥላ በዚያው በ1973 መስከረም 29 ዝናብ እየዘነበ ለሊፕ ሠራተኞች መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወጥቶበታል ስለሚባለው ሰልፍ ጠየቀችኝ፤ ሜሜ የትኛው መንገድ ላይ እንደነበሩ፣ ጫማቸው ውኃ ገብቶበት ከማን ቤት ካልሲ እንደተዋሱ ነገርኳት።